ሰዓቱ ሳይደርስ የተፈረመች ሳጥን

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል ነው። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ባለ አንድ ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት)፣ የአንዲት እናት ክፍል በር ላይ በተንጠለጠለ ሠንጠረዥ ላይ ዓይኔ አረፈ። በግራ ሰዓት፣ በመሃል የተኙበት ጎን፣ በቀኝ የሠራተኛዋ ፊርማ። እማማ በራሳቸው መገላበጥ አይችሉም። ምግብ የሚወስዱት በሆድ ቱቦ ነው። በየ2 ሰዓቱ ሰው ገብቶ ጎን ሊቀይርላቸው ይገባል። 0400፣ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ አሥር ሰዓት፣ ከሚለው ሳጥን ፊት ለፊት "ቀኝ" ተብሎ ተፈርሟል። ከሥሩ፣ 0600 ከሚለው ፊት ለፊት ደግሞ "ጀርባ" ተብሎ ተፈርሟል። ሰዓቱ ግን ገና 0430 ነው።

እማማ የተኙት በግራ ጎናቸው ነበር።

ሰዓት ሳይደርስ መፈረም በዚህ ሥራ አዲስ ነገር አይደለም። ሌሊት ሠርቶ የሚያውቅ ሁሉ አይቶታል፤ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ብዙው ሰው አድርጎታልም። "ታዲያ ምን ይጠበስ፣ ሁሉም ቤት እንደዚያው ነው" የሚባለው ለዚህ ነው። እኔንም ለወራት የከነከነኝ ውሸትነቱ አልነበረም። የከነከነኝ ያቺ ሳጥን ከተፈረመች በኋላ የሠራችው ሥራ ነው።

## ወረቀቱ ያዘዘው

የዚያን ሌሊት ነገር በሰዓት በሰዓት ላስቀምጠው። በ0000 እማማ በጀርባቸው ተኙ። በ0200 ወደ ግራ ተገላበጡ። እስከዚህ ድረስ ወረቀቱና አልጋው አንድ ናቸው። በ0400 ዳይፐር ተቀየረላቸው። ለመቀየር ወደ ቀኝ ተንከባለሉ፣ ሲያልቅ ተመልሰው በዚያው በግራ ተኙ፤ ምክንያቱም ትራሱ ከጀርባቸው የተቀመጠው ለግራ ነበር፣ ሠራተኛዋም ሌላ ክፍል እየተጠራች ነበር። ወረቀቱ ላይ "ቀኝ" ተባለ። በ0600 ማንም አልገባም። ወረቀቱ ላይ "ጀርባ" ተባለ።

በ0700 የቀኗ ተረኛ ገባች። ጎበዝ ሠራተኛ ናት፣ ወረቀት ታነባለች። ከጀርባ ቀጥሎ የሚመጣው ግራ ነው፣ እሱም በ0800። በ0745 ብቅ ስትል እማማን በግራ ጎናቸው አገኘቻቸው። "የሌሊቷ ልጅ ቀድማ አገላብጣልኛለች፣ እግዜር ይስጥልኝ" ብላ "ግራ" ብላ ፈረመች። አልዋሸችም፤ ያየችውን ነው የጻፈችው። ከዚያ ቁርስ መጣ። ነርሲንግ ሆም የሠራ ሰው የሚያውቀው አንድ ነገር አለ፦ ጠዋት ቅድሚያ የሚያገኙት ቁርስ የሚበሉት ናቸው፤ ተጣጥበው፣ ዊልቸር ላይ ተቀምጠው ምግቡ ሳይቀዘቅዝ መድረስ አለባቸው። በቱቦ የሚመገቡት መጨረሻ ይደርሳቸዋል። እማማ ጋ የተመለሰችው በ1000 ነው።

ከ0200 እስከ 1000፣ 8 ሰዓት ሙሉ በአንድ ዳሌ ላይ። ወረቀቱ ላይ ግን አንድም ክፍት ቦታ የለም።

እስከዚያ ቀን ድረስ ሠንጠረዡ ስላለፈው ነገር የሚናገር ይመስለኝ ነበር፤ ተሠራ አልተሠራም የሚል፣ ተቆጣጣሪ ሲመጣ የሚገለጥ። ለሚቀጥለው ተረኛ ግን ያ ወረቀት ትእዛዝ ነው። "ጀርባ" የሚለው ቃል "አሁን ወደ ግራ አድርጊያቸው" እያለ ነው። የሌሊቷ ሠራተኛ ስለ ራሷ የዋሸች መስሏት የቀኗን እጅ አሰረች። ሳጥኗ ባዶ ብትሆን ኖሮ የቀኗ ልጅ ትጠይቅ ነበር፤ ቢያንስ ሳትጠይቅ ታገላብጣቸው ነበር።

## መቶ ሃያ ደቂቃ

የሌሊቷን ልጅ ቸልተኛ ብሎ ማለፍ ይቀላል። ቁጥሩን ግን እንየው።

አንዲት ጂኤንኤ (በሜሪላንድ የነርሲንግ ሆም የነርስ ረዳት የምትጠራበት ስም ነው) ሌሊት 20 ሰው ተሰጥቷታል እንበል፤ ከ20ው 8ቱ በየ2 ሰዓቱ የሚገላበጡ ናቸው። አንድ ሰው በወጉ ለማገላበጥ ምን ይደረጋል? እጅ መታጠብ፣ ጓንት ማድረግ፣ አልጋውን እስከ ወገብ ከፍ ማድረግ፣ ዳይፐሩን ማየት፣ ካስፈለገ ማጽዳትና መቀየር፣ ቆዳውን መመልከት፣ በድሮው ሺቱ (ከሥራቸው በተነጠፈው ማንሻ አንሶላ) አንስቶ ወደ ሌላው ጎን ማድረግ፣ ትራሶቹን ማስተካከል፣ ተረከዙን ከፍራሽ ማንሳት፣ አልጋውን መልሶ ዝቅ ማድረግ፣ ኮል ላይቱን (የመጥሪያውን ቁልፍ) እጃቸው አጠገብ ማድረግ፣ እንደገና መታጠብ። ሳይጣደፉ 10 ደቂቃ ነው። ለ8 ሰው 80 ደቂቃ ሄደ። ከ120 ደቂቃ 40 ቀረ፤ በዚያ 40 ደቂቃ ውስጥ የቀሩት 12 ሰዎች አሉ፣ የሚበራ ኮል ላይት አለ፣ ሽንት ቤት የሚሄድ አለ። ከ8ቱ 3ቱ በሁለት ሰው ካልሆነ የማይነሱ ከሆኑ ጓደኛዋን መጥራት አለባት። ጓደኛዋም የራሷ 20 ሰው አላትና እርሷም በተራዋ ትጠራታለች። 30 ደቂቃ እዚያ ሄደ። የቀረው 10 ደቂቃ ነው። አንድ ሰው ከወደቀ ደግሞ ሌሊቱ በሙሉ ተበላሸ።

በዚህ ላይ ስንቶቻችን ደብል ነን? ከ1500 እስከ 2300 አንድ ቤት፣ ከ2300 እስከ 0700 ሌላ ቤት። በ0400 ላይ የሰው አእምሮ ምን እንደሚመስል የደብል ሠራተኛ ያውቃል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እዚህ ሥራ ላይ ግን የፈሰሰውን መልቀም ወራት ይፈጃል። እስከ አጥንት የደረሰ የመኝታ ቁስል በሳምንት አይድንም፤ የማይድንም አለ።

እ.ኤ.አ. በ2024 የፌዴራሉ መንግሥት ነርሲንግ ሆሞች ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 3.48 ሰዓት እንክብካቤ እንዲሰጡ፣ ከዚያም ውስጥ 2.45 ሰዓቱ የረዳቶች እንዲሆን ደንብ አውጥቶ ነበር። 2.45 ሰዓት ማለት በ24 ሰዓት ውስጥ 147 ደቂቃ ነው፤ መታጠቡም፣ መብላቱም፣ መገላበጡም በዚያ ውስጥ። ያም በዛ ተባለና በ2025 ቴክሳስ ያለ የፌዴራል ፍርድ ቤት ሻረው።

ስለ 2 ሰዓቱ ራሱም አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ሰው እንደ ቃል ኪዳን ታቦት ስለሚያየው። በአሜሪካና በካናዳ ነርሲንግ ሆሞች ተሠርቶ በ2013 የታተመ አንድ ጥናት፣ ደህና ስፖንጅ ፍራሽ ላይ የሚተኙ አረጋውያንን በየ2፣ በየ3 እና በየ4 ሰዓቱ በማገላበጥ አነጻጽሮ ነበር። በቁስል ብዛት መካከላቸው ልዩነት አልተገኘም። ይህ ማለት "4 ሰዓት ተዋቸው" ማለት አይደለም። በጥናቱ ውስጥ የነበሩት አደጋቸው መካከለኛና ከፍተኛ የሆነ እንጂ እጅግ የከፋባቸው አልነበሩም፤ መገላበጡም ቆዳ እየታየ በክትትል የተሠራ ነበር። ጊዜውን መቀየር ደግሞ የነርሷና የሐኪሙ እንጂ የረዳቷ ሥልጣን አይደለም። ግን ለኔ የሚለኝ ይህን ነው፦ በእውነት የተሠራ 3 ሰዓት በሐሰት ከተፈረመ 2 ሰዓት ይሻላል። በየ2 ሰዓቱ 8 ሰው ማገላበጥ ካልተቻለ፣ ከ8ቱ የትኛው ሰው ጥሩ ፍራሽ ላይ ሆኖ 3 ሰዓት መቆየት እንደሚችል ቁጭ ብሎ መነጋገር ነው ያለብን። ያ ንግግር የማይጀመረው ወረቀቱ ሁሉ ሞልቶ ስለሚታይ ነው። ሁሉም ሳጥን የተፈረመበት ቤት ሰው አነሰኝ ብሎ ማንን ያሳምናል?

## ቆዳችን አይቀላም

በ1000 እማማ ሲገላበጡ ግራ ዳሌያቸው ላይ፣ አጥንቱ ወጣ የሚልበት ቦታ፣ የቡና ስኒ አፍ የሚያህል ክብ ነበር። ከዙሪያው ትንሽ የጠቆረ፣ ከቀኝ ዳሌያቸው የሞቀ፣ ሲነኩት ጠንከር ያለ። ጠዋት የተጻፈው ሪፖርት "ቆዳ ደህና ነው፣ መቅላት የለም" ይላል። እውነት ነው፤ መቅላት አልነበረም። በዚህ ቆዳ ላይ መቅላት አይታይም።

ሁላችንም የተማርነው የመጀመሪያው ደረጃ ቁስል ምልክት ቀይ ሆኖ፣ በጣት ሲጫኑት የማይነጣ ቦታ ነው ተብለን ነው። ሥዕሉም ሮዝ ቆዳ ላይ ነው። ጥቁር ቆዳ ላይ ግን የሚታየው ወይ ወደ ወይን ጠጅ፣ ወይ ወደ ሰማያዊ የሚሄድ ጥቁረት ነው፤ አንዳንዴም ለዓይን ምንም የለም። ስለዚህ በዓይን ብቻ አይሆንም። ቆዳው ጸድቶ ይድረቅ። የጣሪያው ቢጫ መብራት ስለሚያታልል ነጭ ብርሃን ከጎን ይብራ፣ የስልክ መብራትም ይበቃል። በእጅ ጀርባ ሙቀቱን ከሌላኛው ጎን ጋር ማወዳደር። ከዚያ በጣት ቀስ ብሎ መንካት፤ ከዙሪያው የጠነከረ ነው ወይስ እንደ በሰለ ፓፓያ የሚሰምጥ? ቆዳው ተወጥሮ ያብረቀርቃል? ሲነካ ፊታቸውን ያጨማድዳሉ? ሁለቱም ዳሌ፣ የጅራት አጥንቱ ዙሪያ፣ ሁለቱም ተረከዝ፣ ቁርጭምጭሚት፣ የጆሮ ጫፍ፤ ኦክስጅን ያላቸው ሰዎች ላይ ደግሞ ቱቦው የሚያልፍበት የጆሮ ኋላ። ከለመዱት 2 ደቂቃ አይፈጅም።

በአጥንትና በፍራሽ መካከል የተጨፈለቀ ሥጋ ደም ሲያጣ፣ ብዙ ጊዜ ጉዳቱ የሚብሰው ከታች፣ አጥንቱ አጠገብ ነው። ከላይ ያለው ቆዳ ሲከፈት ከሥሩ ያለው ነገር ቀደም ብሎ ሞቶ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው "ትናንት ምንም አልነበረም፣ ዛሬ ጉድጓድ ሆነ" የሚባለው። ትናንትም ነበረ።

በጎን ማስተኛት ሲባልም ቀጥ አድርጎ በዳሌ አጥንት ላይ ማቆም አይደለም። ወደ 30 ዲግሪ ዘንበል ነው፤ ከጀርባ ትራስ፣ በጉልበቶች መካከል ሌላ ትራስ። ልክ መሆኑን ለማወቅ መዳፍን ከዳሌው ሥር አስገብቶ መሞከር ነው፤ አጥንቱ መዳፍ ላይ ከተጫነ አልተስተካከለም። ለተረከዝ ደግሞ ትራሱ ከባት ሥር በርዝመቱ ይገባል፤ ተረከዙ አየር ላይ ሆኖ ከሥሩ ወረቀት ማለፍ አለበት። ከቁርጭምጭሚት ጀርባ ብቻ ማድረግ ግን ችግሩን ጅማቱ ላይ ማዛወር ነው። እንደ እማማ በቱቦ የሚመገቡት ላይ ሌላ ጣጣ አለ። ምግቡ ወደ ሳንባ እንዳይሄድ ራስጌው ቢያንስ 30 ዲግሪ ከፍ ይላል፤ ከፍ ሲል ደግሞ ሰውነት ወደ ታች ይንሸራተታል፤ ቆዳው አንሶላው ላይ ይቀራል፣ አጥንቱ ይሄዳል። ስለዚህ ከ30 በላይ ያለ ምክንያት አለማድረግ፣ ጉልበት አካባቢ ትንሽ ከፍ ማድረግ፣ ወደ ላይ ሲሳቡ ደግሞ በሁለት ሰው አንስቶ እንጂ ጎትቶ አይደለም።

ቤተሰብ በደግነት የሚያደርጋቸው ሁለት ስህተቶችም አሉ። አንዱ የጠቆረውን ቦታ በቅባት ማሸት ነው። እናቶቻችን ያሳደጉን እያሹ ስለሆነ እጃችን ወዲያው ይሄዳል፤ ግን ከሥሩ የተጎዳ ሥጋ ሲታሽ ይብሱን ይቀደዳል። ሌላው "ይመቻቸው" ብሎ አየር ፍራሽ ላይ ብርድ ልብስ፣ ፓድ፣ ሁለተኛ አንሶላ መደራረብ ነው። ፍራሹ የሚሠራው ሰውነቱ ሲሰምጥበት ነው፤ አንድ አንሶላና ካስፈለገ አንድ ፓድ ይበቃል። መሃሉ ክፍት የሆነው ክብ ትራስም ይቅር፤ ዙሪያውን አንቆ መሃሉን ደም ያሳጣል።

## ሁሉም ሰው 18 ይተነፍሳል

ይህን አንዴ ካዩ በኋላ ሌላውን ወረቀት እንደ ድሮው ማየት ይከብዳል። የቫይታል ሳይን (የግፊት፣ የሙቀትና የትንፋሽ ልኬት) ሠንጠረዥ አውጡና የትንፋሽ ዓምዱን ወደ ታች አንብቡት፦ 18፣ 18፣ 18፣ 18። ግፊት በማሽን ይለካል፣ ሙቀት በቴርሞሜትር፤ ትንፋሽ ግን ቆሞ ደረት እያዩ 30 ሰከንድ ቆጥሮ በ2 ማባዛት ይፈልጋል፣ ስለዚህ አይቆጠርም። ጤናማው ከ12 እስከ 20 ስለሆነ 18 ማንንም አያስከፋም። ችግሩ፣ አረጋውያን የሳንባ ምች ሲይዛቸው ትኩሳት ላይኖራቸው ይችላል፣ ሳልም ላይኖራቸው ይችላል፤ ከሁሉ ቀድሞ የሚናገረው ብዙ ጊዜ ትንፋሹ ነው። 25 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ነርሷ ወዲያው ማወቅ አለባት። የሐሰቷ 18 የምታደርገው ነገር ከ0600 ሳጥን አይለይም፤ ነርሷን "እዚህ ክፍል መሄድ አያስፈልግሽም" ትላታለች።

መውደቅም እንዲሁ። "ሰውየው ሌሊት እየተነሱ ያስቸግራሉ" ይባልና አልጋው ላይ አላርም ይገጠማል፤ አላርሙ የሚጮኸው ከተነሱ በኋላ ነው። ለምን ይነሳሉ? ሽንት። ለምን በሌሊት? የመድኃኒት ወረቀቱን ሲያዩት ፉሮሴማይድ በ0900 እና በ2100 ይላል፤ ሽንት የሚያስወጣ መድኃኒት ለመኝታ ይሰጣቸዋል! ነርሷ ሐኪሙን ጠይቃ ሁለተኛውን ወደ 1400 ብታዛውረው፣ ከመኝታ በፊትና 0200 ላይ ሽንት ቤት ቢወሰዱ፣ ከመቆማቸው በፊት አልጋው ጫፍ ላይ አንድ ሁለት ደቂቃ ቢቀመጡ አላርሙ ሥራ ይፈታል። የቆመ ሰው የላይኛው ግፊት ከተኛበት በ20 ከወረደ መውደቁ አይገርምም።

## ሁዳዴ እና የስኳር ኪኒን

በእኛ ሰዎች ላይ ብቻ የሚመጣ አንድ ጉዳይ ላንሳ። አንዲት ስኳር ያለባቸው እናት በዓቢይ ጾም ጠዋት ቁርሳቸውን ይመልሳሉ። ለምን እንደሚመልሱ በእንግሊዝኛ ማስረዳት አይችሉም። ወረቀቱ ላይ "ቁርስ እምቢ አሉ" ይጻፋል። 55 ቀን ጾም ነው፤ በሁለተኛው ሳምንት "የምግብ ፍላጎት ቀንሷል" ይሆናል፣ በአራተኛው ሳምንት ለድብርት መድኃኒት ይታሰባል። የስኳር መድኃኒቱን የምትሰጠው ግን ሌላ ሰው ናት፣ ሌላ ወረቀት ይዛ፦ ግሊፒዛይድ፣ ከቁርስ በፊት 30 ደቂቃ። ሰጥታ ትፈርማለች። ቁርሱ አልመጣም፣ ኪኒኑ ግን ሥራውን ይሠራል። ከረፋዱ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ግራ መጋባት። የመርሳት ችግር ካለባቸው "ዛሬ ረበሹ" ተብሎ ይታለፋል። ጣት ተወግቶ ስኳሩ ከ70 በታች ከሆነና መዋጥ ከቻሉ 120 ሚሊ ሊትር ጭማቂ ሰጥቶ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና መለካት ነው፤ ካልወጣ መድገም። ራሳቸውን ከሳቱ ግን አፍ ውስጥ ምንም አይገባም፣ ወደ 911 (የድንገተኛ ጥሪ) መደወል ነው።

መፍትሔው ጾሙ ከመግባቱ በፊት ነው። ለታመመ ሰው ጾሙ እንደሚላላ ልጅ ቢናገር አይሰሙም፤ የንስሐ አባታቸው በስልክ ቢናገሩ ይሰማሉ። እምቢ ካሉም ነርሷና ሐኪሙ የኪኒኑን ሰዓት ከመጀመሪያው ምግብ ጋር ያዛውሩታል። ቁስል ያለባቸው ከሆኑ ደግሞ ፕሮቲን ያስፈልጋል፤ የሚሰጣቸው ማጠናከሪያ መጠጥ ወተት ስላለበት ሳይነካ ይመለሳል። አኩሪ አተር ያለበት ይሁን፣ ሽሮ ይሁን፣ ምስር ይሁን። የኪኒኑ ሰዓት ጉዳይ ለረመዳንም ያው ነው።

ምግብ ከቤት ለምታመጡም፦ መዋጥ የተቸገረ ሰው ላይ "ለስላሳ" ማለት ብቻ አይበቃም። ገንፎ ለስላሳ ነው፣ ግን ይጣበቃል። ማንኪያውን ስታዘነብሉት ሙልጭ ብሎ ካልወረደ ጉሮሮ ላይም አይወርድም። እንጀራም አፍ ውስጥ ተጨማድዶ ኳስ ይሆናል። የመዋጥ ባለሙያዋን ሳትጠይቁ አታጉርሱ፤ ፈቅዳ ከሆነ ደግሞ ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ በትንሽ በትንሹ፣ ከበሉም በኋላ 30 ደቂቃ ሳይተኙ።

## ጠያቂ ሲመጣ

"እንዴት ናቸው?" ብሎ የሚጠይቅ ቤተሰብ "ደህና ናቸው" የሚል መልስ ይዞ ይሄዳል። "አሁን የተኙበት ጎን ላይ ከስንት ሰዓት ጀምሮ ናቸው?" ብሎ የጠየቀ ግን ወረቀቱንና አልጋውን ጎን ለጎን ያያል። ብርድ ልብሱን ከእግር በኩል ገልጣችሁ ተረከዙን እዩ። የወር ክብደታቸውን ጠይቁ፤ በ1 ወር 5 ከመቶ፣ በ6 ወር 10 ከመቶ ከቀነሱ ቤቱ ምክንያቱን ፈልጎ ሊነግራችሁ ይገባል። አልፎ አልፎ በማይጠበቅ ሰዓት ሂዱ፣ በተለይ ቅዳሜና እሁድ ማታ።

ነርሲንግ ሆም ቢያንስ በየ3 ወሩ ስለያንዳንዱ ሰው ግምገማ ይሠራል፣ የእንክብካቤ ዕቅዱም ላይ ስብሰባ አለ። የመግባት መብት አላችሁ፣ አስተርጓሚም መጠየቅ ትችላላችሁ። ሰሚ ካጣችሁ በየስቴቱ ኦምቡድስማን የሚባል አለ፤ ያለ ክፍያ ለነዋሪው የሚቆም ነው። የስቴቱ ተቆጣጣሪዎች በ15 ወር ውስጥ አንዴ መምጣታቸው ግዴታ ነው፤ የመንግሥቱ ድረ ገጽ ለየቤቱ የሚሰጠውን የጥራት ኮከብ ግን በልኩ እመኑት። ከኮከቦቹ ሥር ያለው መረጃ ከፊሉ ቤቱ ራሱ ሞልቶ የላከው ነው፤ ያ መረጃ ደግሞ ከየት ተለቅሞ እንደሚሞላ እስካሁን ስንነጋገር ቆይተናል።

ለሠራተኛዋ ደግ ሁኑ። የምትጠይቋትን ጥያቄ እንደ ክስ ከሰማችው በሚቀጥለው ቀን ሠንጠረዡ ይበልጥ ያማረ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

## ባዶዋ ሳጥን

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን ለሕመምተኛ እንጂ ለቤት ብለነው አናውቅም። ብዙ ቤት ባዶ ሳጥን ያስቀጣል። ቻርጅ ነርሷ (የተረኞቹ ኃላፊ) ጠዋት ወረቀቱን ስታይ የምትፈልገው ክፍተት ነው፤ ክፍተት ካገኘች "ነይ ሙዪ" ብላ ልጅቷን ከመኪናዋ ትመልሳታለች። ሙዪ ማለት ምን ማለት ነው? ማንም ያላስታወሰውን ሰዓት ፈጥረሽ ጻፊ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ልጅቷ ለምን ቀድማ አትፈርም።

የሚሠራው ነገር ብዙ ወጪ የለውም። ተረኞቹ የሚረካከቡት ኮሪደር ላይ ወይም ነርሶቹ ጠረጴዛ ጋ ሳይሆን አልጋው አጠገብ ነው፤ ሁለቱም ገብተው ጎኑን ያያሉ፣ ከሥሩ እጅ ያስገባሉ፣ ተረከዙን ያነሳሉ፣ ይወጣሉ። ለሚገላበጡት 8 ሰዎች ብቻ ከሆነ ለአንዱ 1 ደቂቃ ይበቃል። ሠንጠረዡ ላይ ደግሞ ቀድሞ የታተመው ሰዓት ይቅርና ሠራተኛዋ የገባችበትን ሰዓት ራሷ ትጻፍ፤ 0412 ከሆነ 0412። የታተመ 0400 እጅን ይጠራል። ነርሷም ባዶ ቦታ ስታገኝ "ለምን አልሞላሽም" ትተው "ማን ይርዳሽ ነበር" ይሁን ጥያቄዋ። የሁለት ሳምንት መልስ ቢሰበሰብ የትኛው ሌሊት፣ የትኛው ሰዓት ላይ ሰው እንደሚያንስ በቁጥር ይወጣል፤ ለአስተዳዳሪው የሚቀርበውም ያ ነው።

ከጊዜ በኋላ በዚያው በር ላይ ሌላ ወረቀት አየሁ። 0400 ላይ "ግራ" ይላል፣ ተፈርሟል። 0600 ላይ ፊርማ የለም፤ ሳጥኗ ስለምትጠብ ከጎኗ በእስክሪብቶ ተጨምቆ ተጽፏል፦ "አልደረስኩም፣ 12 ቁጥር ወድቀው ነበር፣ ከ0400 ጀምሮ በግራ ናቸው።" የቀኗ ተረኛ ጃኬቷን ሳታወልቅ አነበበችው። የቁርስ ጋሪው ከሊፍቱ እየወጣ ነበር። አልፋው ወደ እማማ ክፍል ገባች።